ቦሪክ አሲድ ከቦራክስና ከአቼቶ፦ በላቦራቶሪያችን ለምን አንሠራውም?

በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሚኖር ቤተሰብ ቦሪክ አሲድ ማለት የበረሮ መድኃኒት ነው። ነጩ ዱቄት ከስኳር ጋር ይለወስና በቁም ሳጥን ሥር፣ በቧንቧ ዙሪያና ከምድጃ ኋላ ይደረጋል፤ በረሮው ቀምሶት ይሄዳል፤ ከቀናት በኋላ ሞቶ ይገኛል። ከዚህ አልፎ ስለ ዱቄቱ ምንነት የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሰፈሮች ብዙም ሳይርቅ ይኸው ዱቄት ሌላ ሥራ አለው። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤትም ሆነ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት (ኢልሪ) ግቢ የሚገኙት በመገናኛና በጉርድ ሾላ አካባቢ፣ በዚሁ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። በእንዲህ ያሉ ተቋማትም ሆነ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የአፈርን፣ የመኖንና የእህልን ናይትሮጅን በኬልዳል ዘዴ የሚለካ ሰው ሁሉ ያለ ቦሪክ አሲድ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዴንማርኩ ኬሚስት ዮሐን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ይፋ ባደረገው ዘዴ ናሙናው በጋለ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይበሰብሳል፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅንም ወደ አሞኒየም ይለወጣል። ቀጥሎ ኃይለኛ ቤዝ ሲጨመርበት አሞኒያ ሆኖ ከእንፋሎት ጋር ይወጣል። እዚህ ላይ የእኛ ጉዳይ አሞኒያውን የሚቀበለው ፈሳሽ ነው። ቀድሞ ለዚህ ያገለግል የነበረው መጠኑ በትክክል የተለካ ጠንካራ አሲድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ዊንክለር የተባለ ኬሚስት በምትኩ ቦሪክ አሲድ እንዲሆን አደረገ። ቦሪክ አሲድ እጅግ ደካማ በመሆኑ አሞኒያውን ይዞ ያቆያል እንጂ በመጨረሻ በሚደረገው ቲትሬሽን ጣልቃ አይገባም። ስለዚህ መጠኑን በጥንቃቄ መለካት አያስፈልግም፤ ከበቂ በላይ መኖሩ ብቻ ይበቃል። የዚህ አሲድ ጥቅሙ ከድክመቱ የመጣ ነው ማለት ነው።

አሁን ጥቂት ሂሳብ እንሥራ። ለአንድ ናሙና 4 በመቶ የሆነ 25 ሚሊ ሊትር ሙሙት ብንጠቀም የሚያስፈልገን ቦሪክ አሲድ 1 ግራም ነው። የጤፍ ወይም የመኖ ሣር ናሙናዎችን የሚያጠና ተማሪ 200 ናሙና ቢኖረውና እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ቢለካ 400 ግራም ይፈልጋል። ይህ በአንድ የግማሽ ኪሎ ብልቃጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ታዲያ ይህች አንዲት ብልቃጥ ሳትገኝ ቀርታ የመመረቂያ ጥናት በአንድ ሴሚስተር ሲራዘም እኛ በዓይናችን አይተናል። ግዢው ይጠየቃል፤ ጨረታው ይወጣል፤ የውጭ ምንዛሪው ይጠበቃል፤ ዕቃው ቦሌ ወይም ጂቡቲ እስኪደርስ ተማሪው ሌሎች ምዕራፎችን እየጻፈ ይቆያል። መጠበቅ ግድ የሚሆንባቸው ኬሚካሎች እንዳሉ እናውቃለን። ቦሪክ አሲድ ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም የሚል እምነት አለን፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም ይኸው ነው።

ተማሪዎች ስለ አሲድ ሲያስቡ በአእምሯቸው የሚመጣው የሚያቃጥልና የሚያጨስ ፈሳሽ ነው። አንድን አሲድ ከጨዉ ለማስወጣት የግድ ሰልፈሪክ ወይም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማምጣት ያስፈልጋል ብለው ያምናሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የሚያስፈልገው ከሚወጣው አሲድ ጠንከር ያለ አሲድ ብቻ ነው። የአሲድ ጥንካሬ ፒኬኤ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይጠነክራል። የቦሪክ አሲድ ፒኬኤ 9.24 ነው። በኮምጣጤ ወይም ገበያው አቼቶ በሚለው ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ 4.76፣ በእርጎ ውስጥ ያለው ላክቲክ አሲድ 3.86፣ በሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ደግሞ በመጀመሪያው ደረጃ 3.13 ነው። የቦሪክና የአሴቲክ አሲድ ልዩነት 4.48 ነጥብ መሆኑን ልብ ይሏል፤ መለኪያው የአሥር ብዜት በመሆኑ ልዩነቱ 30 ሺህ ጊዜ ያህል ማለት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ደካማ የሚባለው አቼቶ በቦሪክ አሲድ ፊት ሲቆም ጎልያድ ነው።

ቦራክስ የቦሪክ አሲድ የሶዲየም ጨው ሲሆን፣ ወርቅ ሠሪዎች ብየዳቸው እንዲሳካላቸው የሚነሰንሱት ነጭ ዱቄት እርሱ ነው። አንድ ሞለኪውል ቦራክስ ከሁለት ሞለኪውል አሴቲክ አሲድ ጋር ሲገናኝ አራት ሞለኪውል ቦሪክ አሲድ፣ ሁለት ሞለኪውል ሶዲየም አሴቴትና ውኃ ይገኛሉ። ጠንካራ አሲድ አስገብቶ ቦሪክ አሲድ ማውጣት የሚለው ሐሳብ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ቪልሄልም ሆምበርግ እ.ኤ.አ. በ1702 ቦራክስን ከብረት ሰልፌት ጋር አሙቆ ነጫጭ ቅጠል የመሰሉ ክሪስታሎችን ሲያገኝ ምን እንዳገኘ በትክክል ሳያውቅ ማስታገሻ ጨው ብሎ ሰየመው። ቦሮን ራሱ የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1808 ነበር።

በኢንዱስትሪ ደረጃ የዚህ ሥራ ማእከል ቱርክ ናት። ከዓለም የቦሮን ክምችት አብዛኛው የሚገኘው በምዕራባዊ አናቶሊያ ሲሆን፣ እዚያ ቦሪክ አሲድ የሚመረተው ኮለማናይት ከተባለው የካልሲየም ቦሬት ማዕድን ነው። የተፈጨው ማዕድን በጋለ ውኃ ውስጥ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ይቀላቀላል፤ ካልሲየሙ ጂፕሰም ሆኖ ይዘቅጣል፤ ጂፕሰሙ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ቦሪክ አሲዱ ክሪስታል ይሠራል። ርካሽና የተፈተነ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው፣ ከጂፕሰሙ ጥቂቱ ሟሙቶ ስለሚቀር ምርቱ የሰልፌት ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው ደግሞ የጂፕሰም ክምር ነው፤ ቦሮን የሚያንጠባጥብ፣ አንዳንዱ ማዕድን አርሴኒክ ያለበት በመሆኑም ከዚያ የባሰ ነገር ሊኖረው የሚችል ተራራ የትም አይጣልም።

ከዚህ በመነሳት የቱርክ ተመራማሪዎችና ሌሎችም ኮለማናይትን በኦርጋኒክ አሲዶች የማሟሟት ጥናት አካሂደዋል። እያንዳንዱ አሲድ የየራሱ ጠባይ አለው። ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን በውኃ ፈጽሞ በማይሟሟ መልክ ስለሚያዘቅጠው ማጥራቱ ቀላል ነው፤ ይሁንና ዝቃጩ የማዕድኑን ቅንጣት እንደ ሽፋን ሊለብሰውና አሲዱን ሊያግደው ይችላል፤ አሲዱም መርዛማ ነው። በአሴቲክና በፕሮፒዮኒክ አሲድ ግን የካልሲየሙ ጨው ውኃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፤ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ቦሪክ አሲዱ ብቻውን ይወጣል። የሚቀረው ካልሲየም ፕሮፒዮኔት ደግሞ ዳቦ እንዳይሻግት የሚጨመር፣ ገበያ ያለው ዕቃ ነው። በፎርሚክ አሲድ ቢሠራ የሚገኘው ካልሲየም ፎርሜት የሲሚንቶን መድረቅ ያፋጥናል። የቦሌን ሰማይ የሞሉትን የግንባታ ብረቶች ለሚያይ ሰው ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦርጋኒክ የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ ንጹሕ፣ አረንጓዴና ከጉዳት የራቀ ብሎ ይተረጉመዋል። እኛ እንደዚያ አናምንም። ጂፕሰም ቢያንስ ይዘቅጣል፤ ከፈሳሹ ይለያል። የአሴቴት ጨው ግን ከእናት ፈሳሹ ጋር ይቀራልና ውኃውን አትንኖ ካልለዩት በቀር ወደ ቦይ የሚለቀቅ ቆሻሻ ይሆናል። ቆሻሻው ገዥ ካላገኘ ኦርጋኒክ አሲዱ ከሰልፈሪክ አሲድ የሚሻልበት ምክንያት የለም፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። አዋሽ መልካሳ ላይ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ያቋቋመች አገር አሲድን በስሙ ብቻ መጥላት አይገባትም። በመሆኑም ለፋብሪካ ሳይሆን ለላቦራቶሪ ነው ኦርጋኒክ አሲድን የምንመርጠው፤ ምክንያታችንም ሌላ ነው። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጭስ መሳቢያ የላቸውም፤ ጠንካራ አሲድ ሲደፋ የሚያቃጥለው የተማሪ እጅ ነው። አቼቶ ግን ቢደፋ የሚተርፈው ሽታው ነው።

ወደ ተግባሩ እንግባ። 10 ግራም ቦራክስ ውሰዱ። ይህን በሙሉ ለመለወጥ 3.15 ግራም አሴቲክ አሲድ ያስፈልጋል፤ 5 በመቶ በሆነ ነጭ አቼቶ 63 ሚሊ ሊትር ያህል መሆኑ ነው። ቀለም ያለው አቼቶ ክሪስታሉን ያጎድፋልና ነጩ ይመረጥ። አቼቶውን በቢከር አሙቁና ቦራክሱን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ አማስሉ፤ ሁሉም ሟሙቶ ፈሳሹ ጥርት ሲል በሙቀቱ አጣሩት። ከዚያም ይቀዝቅዝ። ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ ሊገኝ የሚችለው ቦሪክ አሲድ 6.5 ግራም ያህል ነው፤ በእጃችሁ የሚገባው ግን ይህ ሁሉ አይደለም። 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 27 ግራም ያህል ቦሪክ አሲድ የሚያሟሟ ሲሆን፣ በ20 ዲግሪ ወደ 4.7 ግራም፣ በ0 ዲግሪ ደግሞ ወደ 2.5 ግራም ይወርዳል። ስለዚህ በ63 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ በክፍሉ ሙቀት 3 ግራም ገደማ ተደብቆ ይቀራል፤ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር የሚቀረው ወደ 2 ግራም ይወርዳል። አቼቶው ቀጭን መሆኑ ነው የጎዳን። ፈሳሹን አስቀድሞ በማትነን መቀነስ ይቻላል፤ ሲበዛ ግን ሶዲየም አሴቴቱም አብሮ መውጣት ይጀምራል።

ሲትሪክ አሲድ ዱቄት የሚገኝ ከሆነ ችግሩ ይቃለላል፤ ለዚያው 10 ግራም ቦራክስ ውኃ አልባው ዱቄት 3.4 ግራም ያህል ይበቃዋል፤ ውኃውንም እኛ እንወስናለን። ይሁን እንጂ ሲትሪክ አሲድ ሌላ ዐመል አለው፤ ሞለኪውሉ ውስጥ ያለው የሃይድሮክሲልና የካርቦክሲል ጎረቤትነት ቦሮንን አቅፎ የመያዝ ዝንባሌ ስላለው ከቦሪክ አሲዱ ጥቂቱን ፈሳሹ ውስጥ ሊያስቀርብን ይችላል። የሎሚ ጭማቂም ይሠራል፤ ነገር ግን ስኳሩና ገለባው ለማየት ያህል እንጂ ለላቦራቶሪ የሚሆን ክሪስታል አይሰጡም። የትኛው አሲድ በየትኛው ውኃ መጠን የተሻለ ምርት እንደሚሰጥ ማነጻጸር ለአንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ከበቂ በላይ የሆነ የጥናት ርዕስ ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ከሚገለበጡት ርዕሶችም በብዙ ይሻላል።

ክሪስታሉ ቦሪክ አሲድ መሆኑን ማረጋገጫው ለዓይን ደስ ይላል። ጥቂቱ በሸክላ ሳህን ላይ ይደረግና ንጹሕ አልኮል ጠብ ተደርጎበት በእሳት ይለኮስ፤ የነበልባሉ ጠርዝ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ በመምህሩ እጅ የሚሠራ ነው፤ የአልኮሉ ጠርሙስም ከእሳቱ ይራቅ። ቦሪክ አሲድና ቦራክስ ሁለቱም ለአፍ የማይባሉ መሆናቸውን፣ በተለይም በብዛትና በተደጋጋሚ ወደ ሰውነት ከገቡ የመራባት ጤንነትን እንደሚጎዱ ተማሪው አስቀድሞ ይወቅ። ለበረሮ የሚያስቀምጡትም ቤተሰቦች ሕፃናት ከሚደርሱበት ቦታ ያርቁት።

የሚነሳብን ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ቦራክሱስ ከየት ይመጣል? ከውጭ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራ የቦሬት ማዕድን ማውጫ የለም፤ የዳሎል ሀብት ፖታሽና ጨው ነው። ታዲያ ምን አተረፍን? መልሳችን አጭር ነው። ለትንተና ተብሎ የተጣራ ቦሪክ አሲድ በልዩ ትእዛዝ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ለብየዳና ለሌላም ሥራ የሚገባው ተራ ቦራክስ ደግሞ በገበያ የሚገኝና እንደ ደንቡም ርካሽ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሥራ ነው፤ ማሟሟት፣ ማጣራት፣ ማቀዝቀዝና ማጠብ። ይህን ሥራ ከውጭ የምንገዛበት ምክንያት አይታየንም።

ከዚህ ሰፋ ያለው የቦሮን ጉዳይ ማሳ ላይ ነው። ቦሮን ለዕፅዋት የግድ አስፈላጊ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1923 ያረጋገጠችው ካትሪን ዋሪንግተን የሙከራ ተክሏ ባቄላ ነበር። የሴል ግድግዳን አያይዞ የሚያቆመውና የአበባ ዱቄት ዘር እንዲያፈራ የሚረዳው ይኸው ንጥረ ነገር ነው። በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረውና ኢትዮሲስ በሚል ስም የታወቀው የአፈር መረጃ ፕሮጀክት በብዙ ወረዳዎች የቦሮን እጥረት መኖሩን አመለከተ። እስከዚያ ድረስ ገበሬው የሚያውቀው ዳፕና ዩሪያን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኤንፒኤስቢ የተባለው ቅልቅል ማዳበሪያ መጣ። የቅልቅሉ የቦሮን ድርሻ 0.1 በመቶ ነበር። በሌላ አነጋገር በአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ውስጥ 100 ግራም ቦሮን፤ በቦሪክ አሲድ ሲሰላ 570 ግራም ያህል። አንድ ሚሊዮን ሄክታር መሬት በሄክታር አንድ ኩንታል ቢሰጠው እንኳ ጠቅላላው 570 ቶን ገደማ ነው፤ ለአገር የሚከብድ ቁጥር አይደለም።

እዚህም ላይ ቢሆን ስሜት እንዳይወስደን እንፈልጋለን። ለማሳ የተጣራ ቦሪክ አሲድ አያስፈልግም፤ ተራ ቦራክስ ወይም የተፈጨ የቦሬት ማዕድን ያንኑ ይሠራል። ከዚያም በኋላ በተካሄዱ የማሳ ሙከራዎች ቦሮን መጨመሩ በየቦታው ምርት አልጨመረም፤ በቂውና መርዛማው መጠን የሚቀራረቡ በመሆናቸውም ሳይለኩ መጨመር ሰብሉን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አንገብጋቢው ጥያቄ የት ይጎድላል የሚለው ነው፤ ይህን የሚመልሰው ደግሞ ላቦራቶሪ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል፤ ብልቃጡ ባዶ ከሆነ ካርታውም ባዶ ነው።

አንድ ነገር ለጂኦሎጂ ተማሪዎች እናቀብል። በጣሊያን ቶስካና፣ ዛሬ ላርዴሬሎ በተባለው ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1818 ጀምሮ ፍራንስዋ ዴ ላርደሬል ከምድር የሚፈልቀውን የጋለ ውኃ እያተነነ ቦሪክ አሲድ ያመርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 በዚያው እንፋሎት አምስት አምፑሎች በሩ፤ የዓለም የጂኦተርማል ኤሌክትሪክ ከቦሪክ አሲድ ፋብሪካ ጓሮ ተወለደ ማለት ነው። እኛ ዘንድ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ አሉቶ ላንጋኖ ላይ ጉድጓዱ የተቆፈረው ለኤሌክትሪክ ነው። የጂኦተርማል ውኃ በአብዛኛው ቦሮን ይዞ ስለሚወጣ፣ በስምጥ ሸለቆ ፍል ውኃዎቻችን ውስጥ ያለውን ቦሮን በየወቅቱ መለካት ቢያንስ ለመስኖ ሲባል ሊደረግ ይገባል። ሀብት ሆኖ ቢገኝ እሰየው፤ ብክለት ሆኖ ቢገኝም ማወቁ አይከፋም።

የኦርጋኒክ አሲዱ ነገር ግን ከቦሮን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ጄምስ ከሪ እ.ኤ.አ. በ1917 አስፐርጂለስ ናይጀር የተባለው ሻጋታ ስኳርን ወደ ሲትሪክ አሲድ በብዛት እንደሚለውጥ ካሳየ ወዲህ ዓለም ሎሚ መጭመቁን ትቷል። የስኳር ፋብሪካዎቻችን ሞላሰስ ያወጣሉ፤ ፊንጫና መተሐራ ከሞላሰስ ኤታኖል የማምረት ልምድ አላቸው፤ ከኤታኖል ወደ ኮምጣጤ ያለውን መንገድ ደግሞ ጠጇ የኮመጠጠባት እናት ሁሉ ታውቀዋለች። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም።

ለጊዜው የምንጠይቀው ግን ትንሽ ነገር ነው። ፋኩልቲያችን በሁለተኛው ሴሚስተር የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተግባራዊ ትምህርት ላይ አንድ ሳምንት ይስጠን፤ እያንዳንዱ ቡድን ከ50 ግራም ቦራክስ ይጀምርና ያገኘውን ቦሪክ አሲድ ለአፈርና ለምግብ ትንተና ላቦራቶሪ ያስረክብ። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑ መምህራንም ሙከራውን ይዘው ወደየትምህርት ቤቶቻቸው ቢሄዱ በቦሌና በየካ ክፍለ ከተሞች ያሉ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ደካማ አሲድ ከሰሌዳ ላይ ብቻ አይማሩም።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለን። በክሪስታሉ ላይ ተጣብቆ የሚቀር አሴቴት ወይም ሲትሬት ደካማ ቤዝ ነው፤ በኬልዳል ቲትሬሽን ጊዜ የሃይድሮክሎሪክ አሲዱን እየበላ የሌለ ናይትሮጅን ያለ ያስመስላል፤ ጤፉ ከሚገባው በላይ ፕሮቲን ያለው ይመስላል። ስለዚህ የተመረተው ክሪስታል በትንሽ ጋለ ውኃ እንደገና ሟሙቶ ይጣራ፤ ዳግመኛ ሲቀዘቅዝም በበረዶ ውኃ ሁለት ጊዜ ይታጠብ። ከዚያ ናሙና የሌለበት ሙከራ በራሳችን ቦሪክ አሲድና ከውጭ በመጣው ጎን ለጎን ይሠራ። የሁለቱ ንባብ ከአንድ ጠብታ በላይ ከተለያየ ክሪስታሉ ወደ ቢከሩ ይመለስ።